ስድስት ጨዋታ በድሬዳዋ

በካናዳ አገር፣ በኩቤክ ከተማ የሚኖረው የታላቅ ወንድሜ የልጅ ልጅ አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር። ልጁ 12 ዓመቱ ነው። አማርኛውን የተማረው ከአያቱ በመሆኑ ፊደሎቹ አልፎ አልፎ ይንጋደዳሉ እንጂ ሊል የፈለገው ነገር ጥርት ብሎ ይነበባል። ደብዳቤው የሚተርከው በከተማው ስለሚካሄደው ዓለም አቀፍ የልጆች የበረዶ ሆኪ ውድድር ነው። ይህ ውድድር ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በየካቲት ወር ገደማ ሲካሄድ የኖረ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው 11ና 12 ዓመት የሆነ ልጆች ከልዩ ልዩ አገሮች እየመጡ ይጋጠሙበታል። የቡድኖቹ ቁጥር ከ100 በላይ ነው። በኋላ በጨዋታው ዓለም ስሙ የገነነው ዌይን ግሬትስኪ እንኳ በ1966 ዓ.ም. ገና በልጅነቱ በዚሁ ውድድር ተሰልፏል። ከሩቅ ከሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ የሚያርፉት በከተማው ነዋሪዎች ቤት ነው። በዚያ ዓመትም ሁለት እንግዶች እነርሱ ቤት አርፈው፣ የጋራ ቋንቋ ሳይኖራቸው አንድ ማዕድ እየቆረሱ ሰንብተዋል።

የበረዶ ሆኪን ላላየ ሰው ማስረዳት ያን ያህል አያስቸግርም፤ ከእኛው የገና ጨዋታ መነሣት ይበቃል። ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ አለ፤ በዱላው የሚመታ ነገር አለ፤ ወደ ተቃራኒው ወገን ለመንዳት የሚደረግ ግፊያና ሩጫ አለ። ልዩነቱ እሩሯ በምትከባለልበት ሜዳ ፈንታ የረጋ በረዶ መነጠፉ፣ በእሩሯም ምትክ እንደ ቂጣ የተድቦለቦለች ጥቁር የጎማ ቁራጭ በበረዶው ላይ መንሸራተቷ ነው። ከእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ በጫማቸው ሥር ስለታም ብረት ስላለ አይሮጡም፣ ይንሸራተታሉ። በረዶን ከለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ጎን ተቀምጦ ሲቀልጥ ብቻ ለሚያውቅ የድሬዳዋ ልጅ ግን፣ ሰው በላዩ ቆሞ የሚጫወትበት በረዶ መኖሩ ራሱ ተረት ይመስላል።

ልጁ ደብዳቤውን የዘጋው በሦስት ጥያቄዎች ነበር። «አባባ፣ ከሌላ አገር የመጡ ቡድኖች በእናንተ ከተማ ተጫውተው ያውቃሉ? ማን አሸነፈ? እናንተስ ለማን ጮኻችሁ?» ይላል። ሁለቱ ጥያቄዎች ቀላል ናቸው። ሦስተኛው ግን እንደ ቀላል ታይቶ የሚታለፍ አልሆነልኝም። ይህን ጽሑፍ የጻፍሁትም በእርሱ ምክንያት ነው።

አዎን፣ ተጫውተዋል። አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ ውድድር በ1968 ዓ.ም. ከየካቲት 21 እስከ መጋቢት 5 ቀን በኢትዮጵያ ተካሂዷል። አገራችን ይህን ውድድር ስታስተናግድ ሦስተኛ ጊዜዋ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ጨዋታው ሁሉ በአዲስ አበባ ተደርጎ ዋንጫው እዚሁ ቀረ፤ በ1960 ዓ.ም. ሁለተኛዋ አስተናጋጅ ከተማ አስመራ ነበረች፤ በ1968 ዓ.ም. ግን ተራው የድሬዳዋ ሆነ። በዚያን ዘመን የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ኢትዮጵያዊው ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ድሬዳዋ ለኳስ ባዕድ አልነበረችም። በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናትና፣ ኳስም ከሌላው የባሕር ማዶ ዕቃ ጋር ቶሎ የደረሳት ይመስለኛል። «ኮተን» እየተባለ ይጠራ የነበረው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ ዓመታት ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል። በ1954ቱ ድል የተካፈሉት ወንድማማቾች ሉቻኖና ኢታሎ ቫሳሎም የዚህን ቡድን ማልያ ለብሰዋል። ስለዚህ የከተማው ሽማግሌዎች ስለ ኳስ ሲያወሩ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ዳኛ ነበር የሚያወሩት።

ይሁን እንጂ ድልድሉ በተሰማ ጊዜ ከተማው ውስጥ ቅሬታ አልጠፋም። ኢትዮጵያ፣ ጊኒ፣ ግብጽና ኡጋንዳ በአዲስ አበባ እንዲጫወቱ ሲወሰን፣ ዛየር፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ሞሮኮ ለድሬዳዋ ደረሱ። ጸጉሬን እቆረጥበት በነበረው ቤት አንድ የባቡር ሠራተኛ፣ «ሙሽራው አዲስ አበባ፣ ድንኳኑ ድሬዳዋ» ብለው ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። አባባሉ አስቆኛል፤ ነገር ግን ሚዛናዊ አልነበረም። ዛየር የዋንጫው ባለቤት ነበረች። በ1960 ዓ.ም. ኮንጎ ኪንሻሳ በምትባልበት ዘመን እዚሁ አዲስ አበባ ላይ፣ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ በግብጽ ምድር ዋንጫውን ወስዳለች፤ በዚያው ዓመትም ከሰሐራ በስተደቡብ ካሉት አገሮች የመጀመሪያዋ ሆና በጀርመን ለዓለም ዋንጫ ተሰልፋለች። ሱዳን የ1962 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮን ናት። የሞሮኮው አምበል አህመድ ፋራስ በ1975 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል። ከአራቱ መካከል ዋንጫ ያልነኩት ናይጄሪያና ሞሮኮ ብቻ ነበሩ።

እኔ በዚያ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ታላቅ ወንድሜ በዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ገጠር ስለነበረ ውድድሩን ለማየት አልታደለም። እኔም ያየሁትን ሁሉ እንድጽፍለት አዝዞኝ ነበር። ዛሬ ያንን ሳምንት ቀን ከቀን ለማስታወስ የቻልሁት የማስታወስ ችሎታዬ ከሌላው ሰው ልቆ ሳይሆን፣ እነዚያን ደብዳቤዎች ወንድሜ ጠብቆ ስላቆያቸው ነው።

የጂኦግራፊ አስተማሪያችን አጋጣሚውን በከንቱ የሚያሳልፉ ሰው አልነበሩም። ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከሚመጡት አገሮች አንዱን እየመረጥን ካርታውን እንድንሥል፣ ወንዙንና ተራራውን፣ የሕዝቡን አኗኗርና ታሪኩን እንድናጠና አዘዙን። እኔ ዛየርን መረጥሁ። ምክንያቴም የተደበቀ አይደለም፤ የሻምፒዮን ደጋፊ መሆን ክብር ይመስለኝ ነበር። ወንበር የምንጋራው ጓደኛዬ ግን ሱዳንን መረጠ። ናይጄሪያን የመረጡት ልጆች ተነሥተው ሲያስረዱ፣ ያች አገር ከስድስት ዓመት በፊት ከእርስ በርስ ጦርነት መውጣቷን ነገሩን። አስተማሪያችን ጥቂት ዝም ብለው፣ «እንግዲህ በአንድ ቡድን ውስጥ የሚጫወቱት ሰዎች አባቶች ምናልባት ተዋግተው ይሆናል፤ ልብ ብላችሁ እዩአቸው» አሉን። በዚያ ጊዜ ንግግራቸውን በደብተሬ ላይ የጻፍሁት ፈተና ላይ ይወጣል ብዬ ነበር።

ስለዚህ ጓደኛዬ ጥቂት ልበል። ድሬዳዋን ደቻቱ ለሁለት ይከፍላታል። ደቻቱ በዓመቱ አብዛኛው ወራት አሸዋ እንጂ ወንዝ አይደለም፤ በክረምት ግን ከተራራው ድንገት ሲወርድ ያገኘውን ጠራርጎ ይወስዳል። እኛ የምንኖረው መንገዱ ቀጥ ብሎ በተተለመበት፣ ዛፉ ጥላ በሚሰጥበት በከዚራ ነበር። እርሱ ደግሞ ከአሸዋው ማዶ፣ ገበያው በሚተራመስበት በመጋላ ይኖራል። በቤቱ ሶማልኛ ይናገራል፤ ከገበያው ኦሮምኛ፣ ከቁርኣን ቤት ዓረብኛ፣ ከትምህርት ቤት አማርኛ አግኝቷል። እኔ አማርኛና የተሰባበረ ኦሮምኛ ይዤ ከጎኑ ስሄድ፣ በየመንገዱ የሚሰጠውን ሰላምታ በየቋንቋው ሲመልስ እየሰማሁ እቀና ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ ግን በድሬዳዋ ብርቅ አልነበረም።

የካቲት 22 ቀን ሰኞ ዕለት ጨዋታው ተጀመረ። ከቀትር በኋላ ያለው የድሬ ፀሐይ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሪው፣ ታክሲው፣ እግረኛው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎርፋል። እኔና ጓደኛዬ በአጎቱ እጅ የገዛናቸውን ሁለት ቲኬቶች እንደ ዳዊት በደረታችን ይዘን ገባን። ከዚያም ዓይኔ እያየ ሻምፒዮኗ ዛየር በናይጄሪያ 4 ለ 2 ተሸነፈች። ከዚህ በፊት በራዲዮ ብቻ የሰማሁት የታላቅ ስም ምን ያህል ደካማ ነገር እንደሆነ ያን ቀን ተረዳሁ። የናይጄሪያ ተጫዋቾች ጉልበታቸው እንደ ፈረስ፣ ሩጫቸው እንደ ጎርፍ ነበር። ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «እነዚህ ሰዎች ዘንድሮ ባይወስዱትም አንድ ቀን ይወስዱታል» አለኝ። አልወስዱትም ብዬ በአንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ተወራረድን። የእርሱ ሱዳን ከሞሮኮ ጋር 2 ለ 2 እኩል ወጣች።

ማግሥቱ የካቲት 23፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በመሆኑ ትምህርት አልነበረም። ከሰፈር ልጆች ጋር ሆነን እንግዶቹ ያረፉበት ሆቴል ደጃፍ ዋልን። የሚገርመው፣ ተጫዋቾቹ በሜዳው ላይ ከታዩት ይልቅ በቅርብ ሲታዩ ወጣቶች ነበሩ። አንደኛው የሱዳን ተጫዋች ወጥቶ ከጥላው ሥር ሲቆም ጓደኛዬ በዓረብኛ ሰላም አለው። ሰውየው ደንግጦ ከዚያ ሳቀ፤ ብዙ ተነጋገሩ። እኔ የሰማሁት «ቡና» የሚለውን ቃል ብቻ ነበር። ለካስ ተጫዋቹ ለእናቱ የሐረር ቡና ገዝቶ መመለስ ፈልጎ፣ በየትኛው ገበያ እንደሚገኝና በስንት እንደሚሸጥ ይጠይቅ ኖሯል። ጓደኛዬ ዋጋውን ከነገረው በኋላ፣ «ቀፊራ ገበያ ብቻህን እንዳትሄድ፤ እንግዳ መሆንህን ሲያዩ ዋጋውን ይቆልሉብሃል» ብሎ አስጠነቀቀው። ኋላም አጎቱን ይዞለት መጣ። እኔ በካርታዬ ላይ ያለውን የኮንጎ ወንዝ በቃሌ እያወቅሁ ለአንድ የዛየር ሰው ሰላምታ መስጠት አለመቻሌ በዚያ ቀን በጣም አበሳጨኝ። በኋላ በፈረንሳይኛ ትምህርት የበረታሁት ከዚያ የተነሣ ነው።

የካቲት 25 ቀን ሞሮኮ ዛየርን 1 ለ 0፣ ናይጄሪያም ሱዳንን 1 ለ 0 አሸነፉ። ጎል ያነሰበት ቀን ቢሆንም ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ይህ ቀን ነው፤ ምክንያቱም ተመልካቹን ያየሁት በዚህ ቀን ነበር። የአገሩ ቡድን ሲጫወት የሚያይ ሰው ሜዳውን በሙሉ አያይም። ዓይኑ ከወገኑ እግር አይላቀቅም፤ የባላጋራው ጥሩ ጨዋታ ለእርሱ ስድብ ነው። ወገን የሌለው ተመልካች ግን፣ መጀመሪያ ይሰለቻል፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ጨዋታውን ያያል። በሁለተኛው ቀን አጠገቤ የነበሩ ሰዎች የሞሮኮዎች ኳስ ከእግር ወደ እግር ስትቀባበል፣ ከማን ወደ ማን እንደምትሄድ ሳይሆን እንዴት እንደምትሄድ እያዩ ያደንቁ ነበር። የፋራስን አረማመድ ለመምሰል የሚሞክሩ ልጆች በማግሥቱ የደቻቱን አሸዋ ሞልተውት ነበር።

ነገር ግን ሰው ያለ ወገን ብዙ ሊቆይ አይችልም። የድሬዳዋ ተመልካች ወገኑን የመረጠበት መንገድ ለእኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የሚጮኸው ለተሸናፊው ነበር። ዛየር አንድ ጎል ሲገባባት፣ ትናንት ስሟን በፍርሃት ይጠራ የነበረ ሕዝብ ሁሉ ተነሥቶ «አይዟችሁ!» አለ። ከሰዓት በኋላ ሱዳን ስትመራም እንዲሁ ሆነ። ለምን ይሆን ብዬ አስቤበታለሁ። እንግዳ በቤትህ ሳለ ሲያፍር ማየት የባለቤቱ እፍረት ነው፤ ውጤቱን ማስተካከል ባይቻል ድምፅን ማዋስ ግን ይቻላል። ይህን ስል የከተማዬን ሰው መልአክ ማድረጌ አይደለም። በዳኛው ላይ ያፏጨ ነበር፤ ቲኬት በእጥፍ የሸጠ ነበር፤ ገንዘብ አስይዞ የተወራረደና ደመወዙን የጨረሰ ጎረቤትም ነበረን። ቢሆንም ለማን ጮኻችሁ ለሚለው ጥያቄ ያለኝ እውነተኛ መልስ ይህ ነው።

የካቲት 27 ቀን ቅዳሜ የእኔ ቡድንና የጓደኛዬ ቡድን ተገናኙ። ዛየር ነጥብ አልነበራትም፤ ሱዳን አንድ ነጥብ ይዛ የቀጭን ክር ያህል ተስፋ ቀርቷታል። በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን እርስ በርሳችን ሳንነጋገር 90 ደቂቃ አሳለፍን። ጨዋታው 1 ለ 1 አለቀ፤ ሁለቱም ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሆነ። ሞሮኮ በበኩሏ ናይጄሪያን 3 ለ 1 ረታችና በአምስት ነጥብ የምድቡ አንደኛ ሆነች፤ ናይጄሪያ በአራት ነጥብ ተከተለች። በስድስት ጨዋታ 18 ጎሎች ተቆጥረው የድሬዳዋ ድግስ አበቃ።

የቀረው በአዲስ አበባ ነበር። የኢትዮጵያ ቡድን ኡጋንዳን 2 ለ 0 ቢያሸንፍም፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፎ ከግብጽ ጋር 1 ለ 1 በመለያየቱ ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ። በዚያ ዓመት የፍጻሜ ጨዋታ የሚባል አልነበረም፤ ከሁለቱ ምድቦች ያለፉት አራት ቡድኖች እርስ በርስ ተጋጥመው ብዙ ነጥብ ያገኘው ዋንጫውን ይወስድ ነበር። መጋቢት 5 ቀን ጊኒና ሞሮኮ ሲገናኙ ለሞሮኮ እኩል መውጣት ይበቃት ነበር፤ ጊኒ ግን ማሸነፍ ነበረባት። ጨዋታውን የሰማነው በመጋላ፣ በጓደኛዬ አባት ሱቅ ደጃፍ፣ በራዲዮ ነው። ጊኒ በሸሪፍ ሱሌይማን ጎል ቀደመች። ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አህመድ መክሩህ ለሞሮኮ አስቆጠረና 1 ለ 1 ሆነ። ሞሮኮ ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ተባለች። ከራዲዮው ዙሪያ ከነበሩት ሽማግሌዎች አንዱ፣ «እኛ ሦስት ጊዜ ያየነውን እነርሱ ዛሬ ነው ያወቁት!» ብለው አዲስ አበባን ተበቀሏት።

ከዚህ በኋላ ያለው ረጅም አይደለም። በ1969 ዓ.ም. የከተማው አየር ተለወጠ። በየሰፈሩ ሰው፣ ጎረቤቱ የሚናገረውን ሳይሆን የሚናገርበትን ቋንቋ ማዳመጥ ጀመረ። በአራት ቋንቋ ሰላምታ ይመልስ የነበረው ጓደኛዬ በመንገድ ላይ ዝምተኛ ሆነ፤ ከእኔ ጋር ሲሄድ አማርኛ ብቻ፣ ከአባቱ ጋር ሲሄድ ደግሞ ምንም መናገር ተወ። በዚያ ዓመት፣ ባቡሩ ገና ሳይቋረጥ፣ ቤተሰቡ ጅቡቲ ወዳሉት ዘመዶቻቸው ለመሄድ ተነሣ። ለገሃር ድረስ ሸኘሁት። የተለያየነው እንደ ልጆች ነበር፤ የተነጋገርነውም ስለ ኳስ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐዲዱ ተቆረጠ። ነሐሴ 11 ቀን የሶማሊያ ጦር በድሬዳዋ ላይ ከባድ ጥቃት ከፈተ። ከተማይቱ አልተያዘችም፤ ነገር ግን የመድፍ ድምፅ ምን እንደሚመስል ያን ቀን ተማርን። ከ18 ወራት ያነሰ ጊዜ በፊት ለተሸናፊ እንግዳ የጮኸው ሕዝብ ከግድግዳ ሥር ተጠግቶ ድምፁን አጥፍቶ ዋለ። የአስተማሪያችን ንግግር ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው።

መጋቢት 13 ቀን 1972 ዓ.ም. ናይጄሪያ በሌጎስ አልጄሪያን 3 ለ 0 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ወሰደች። ድሬዳዋ ላይ ከተጫወቱት አራት ቡድኖች ዋንጫ ሳይነካ የቀረው በዚሁ አለቀ። በዚያ ምሽት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ዕዳ እንዳለብኝ ለጓደኛዬ ልጽፍለት ወረቀት አዘጋጅቼ ተቀመጥሁ፤ የማውቀው አድራሻ ግን «ጅቡቲ» የሚለው ቃል ብቻ ነበር።